ያገለገለ የናፍጣ ፒክ አፕ ስለ መግዛት



የመስቀል በዓል በተቃረበ ቁጥር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በወሊሶ በኩል ወደ ወልቂጤ፣ በዓለም ገናና በጢያ በኩል ወደ ቡታጅራ የሚጎርፈውን መኪና የተመለከተ ሰው፣ ጉራጌ ከትውልድ አገሩ ጋራ ያለው ፍቅር ምን ያህል የጠበቀ እንደ ሆነ ያለ አስረጂ ይገባዋል። በዚህ ሰሞን «ዘንድሮስ የራሴን መኪና ይዤ እገባለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። እቁብ የወጣለት፣ ከመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር የተበደረ፣ ወይም ጡረታው የተቃረበ የመንግሥት ሠራተኛ ከወንድሙ ጋራ ገንዘብ አጋጥሞ አንድ ያገለገለ የናፍጣ ፒክ አፕ ለመግዛት ያስባል። ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ፒክ አፕ በእሑድ ቤተ ሰብ ያመላልሳል፤ በሥራ ቀን ደግሞ የማረቆን በርበሬ፣ የቆጮውን ጭነት፣ ሲሚንቶውንና ቆርቆሮውን በካሶኒው ተሸክሞ ገቢ ያስገባል። ችግሩ የሚመጣው በዓሉ ሳይደርስ በሚል ጥድፊያ የብዙ ዓመት ቁጠባ በአንድ ከሰዓት በኋላ የተከፈለበት መኪና፣ ወር ሳይሞላው ሞተሩ ወርዶ በጋራዥ ወለል ላይ ሲዘረጋ ነው።

በዛሬው ንግግራችን ይህ እንዳይደርስ ገዢው ሊመለከታቸው የሚገቡትን ነገሮች እንገልጻለን። ነገሩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ክብደት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸው ከፍ ያለ ታክስ ጣለ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። እንግዲህ በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ረጅም ዘመን ሊያገለግል ነው ማለት ነው። ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ዕቃ ደግሞ የቀደሙትን ባለቤቶች ጠባይ ሁሉ ይዞ ይመጣል።

የናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ሞተር የሚለይበትን ነገር አስቀድሞ መረዳት ይጠቅማል። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1892 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት የጠየቀበት ሐሳብ ይህ ነው፤ አየር በኃይል ከተጨመቀ ይግላል፤ በጋለው አየር ላይ ነዳጅ ቢረጭ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። በአሮጌዎቹ የቶዮታ የናፍጣ ሞተሮች ውስጥ ፒስተኑ አየሩን ከመጠኑ ወደ ሃያ ሁለተኛ እጅ ያህል ያጠብበዋል፤ ሙቀቱም ከ500 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ስለዚህ የናፍጣ ሞተር ጤና የሚታወቀው በሦስት ነገር ነው፤ ጭመቃው የማያፈስ፣ ናፍጣው ንጹሕ ሆኖ በልኩ የሚረጭ፣ አየሩም ያልታፈነና አቧራ የሌለበት ሲሆን። ከዚህ በታች የምንናገረው የጭስም ሆነ የድምፅ ምልክት አብዛኛው ከእነዚህ ከሦስቱ ከአንዱ የሚመነጭ ነው።

በዚህ ላይ የአገሩ አቀማመጥ ይጨመራል። ወልቂጤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር፣ ቡታጅራ ደግሞ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው የጉራጌ ተራሮች ተዘርግተው የዘቢዳር ጫፍ ከ3,700 ሜትር በላይ ይደርሳል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ናፍጣውን በባሕር ዳርቻ ልክ እየረጨ አየሩን ግን በደጋ ልክ ስለሚስብ፣ በዳገት ላይ ጥቂት ጥቁር ጭስ ቢያሳይ የሚያስደንቅ አይደለም። ይህን የማያውቅ ገዢ ጤነኛውን መኪና ታሟል ብሎ ይመልሰዋል፤ ሌላው ደግሞ የታመመውን «ከፍታው ነው» በሚል ቃል ተታልሎ ይወስደዋል።

ስለ መኪናው ስም የሚባለውን እንመልከት። በሁለቱም ከተሞች ፒክ አፕ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠራው የቶዮታ ሂሉክስ ነው። አሮጌዎቹ «ፋይቭ ኤል» የሚባለውን የ3 ሊትር ሞተር ወይም ከእርሱ በፊት የነበሩትን የ2.4 እና የ2.8 ሊትር ሞተሮች የያዙ ናቸው። ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከመጡት ብዙዎቹ ደግሞ «ዲ ፎር ዲ» የሚባለው በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ሞተር አላቸው። ከእነዚህም ሌላ ኢሱዙ፣ ሚትሱቢሺና ኒሳን ይገኛሉ። ደላላው ስሙን ብቻ ጠርቶ፣ «አንድ እጅ ነው፤ ሐኪም የነዳው ነው» ብሎ ነገሩን ሊጨርስ ይፈልጋል። በእኔ አስተያየት ግን ዘይቱ በጊዜው የተለወጠለት ስመ ጥር ያልሆነ ሞተር፣ ውኃ ጨርሶ ሁለት ጊዜ ከፈላ ስመ ጥር ሞተር እጅግ ይሻላል። ፋይቭ ኤል ቀላልና ቻይ ስለ ሆነ የገጠር መካኒክ በቁልፍና በመዶሻ ያስነሣዋል፤ ነገር ግን ኃይሉ አነስተኛ ነው፤ ብዙ ሙቀት ሲያገኘውም ቴስታታው ይሰነጠቃል። ዲ ፎር ዲ ብርቱና ናፍጣ ቆጣቢ ነው፤ ነገር ግን ቆሻሻ ናፍጣን አይታገሥም፤ ሲበላሽም ዋጋው ከባድ ነው። ከከተማ ርቆ በኮረኮንች ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያውን፣ በአስፋልት ብዙ ለሚመላለስና የታመነ ማደያ ላለው ሰው ሁለተኛውን እመክራለሁ።

እንግዲህ ወደ ምርመራው እንግባ። ከሁሉ የሚበልጠው ምርመራ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም፤ ይኸውም ሞተሩን በቀዝቃዛነቱ ማግኘት ነው። ሻጩን ሳትነግሩት ማልዳችሁ ሂዱ፤ ወይም ቀጠሮው ሲያዝ «እኔ ሳልደርስ አይነሣ» በሉ። እንደ ደረሳችሁ እጃችሁን በኮፈኑ ላይ አኑሩ። ሙቀት ካለው ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶታል፤ ያስነሣበትንም ምክንያት ጠይቁ። የናፍጣ ሞተር ሲሞቅ ብዙ ነውሩን ይሸፍናል። ፋሻ የሚባሉት የፒስተን ቀለበቶች የተበሉበት ሞተር በጠዋት ብርድ ጭመቃው ስለሚያፈስ አየሩ አይግልም፤ ስለዚህ ሞተሪኖው ደጋግሞ ይዞራል፣ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ሞተሩ እየተንገዳገደ ይነሣል። አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ ግን ይኸው ሞተር እንደ አዲስ በአንድ ምት ይነሣል። በቡታጅራ የጥቅምትና የኅዳር ጠዋት ለዚህ ምርመራ የተመቸ ነው። እርግጥ ነው፣ በጠዋት መቸገር ሁልጊዜ የፋሻ በሽታ አይደለም፤ ሞተሩን ለማስነሣት አየሩን የሚያሞቁት ካንዴላዎች ከተቃጠሉም እንዲሁ ይሆናል፤ እነርሱን መለወጥ ደግሞ ቀላል ወጪ ነው። ሁለቱን የሚለይላችሁ መካኒክ ነው፤ የጭመቃ መለኪያ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ ገጥሞ ይለካል። በአሮጌዎቹ የቶዮታ ሞተሮች ጤናማው ቁጥር 30 ባር ገደማ ነው፤ ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው ግን የአንዱ ሲሊንደር ቁጥር ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ መሆኑ ነው።

ሞተሩ ሲነሣ ከኋላ ቆማችሁ የጭሱን ቀለም ተመልከቱ። ከተነሣ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ታይቶ የሚጠፋ ነጭ ጭስ አያሳስብም። የማይጠፋ ሆኖ ያልተቃጠለ ናፍጣ ከሸተተ የኖዝል ወይም የጭመቃ ነገር ነው፤ እንፋሎት መስሎ የራዲያተሩ ውኃም የሚጎድል ከሆነ ግን ውኃ ወደ ማቃጠያው ክፍል ገብቷል ማለት ነው። ሰማያዊ ጭስ የዘይት መቃጠል ምልክት ነው፤ በተለይ ቁልቁለት ወርዳችሁ እንደገና ነዳጅ ስትሰጡት ደመና የሚያወጣ ከሆነ ሞተሩ ዘይት ይጠጣል። ጥቁር ጭስ የናፍጣ መብዛት ወይም የአየር ማነስ ነው፤ ብዙ ጊዜም የአየር ማጣሪያውን በመለወጥ ይድናል። ነጭ መሀረብ ከጭስ ማውጫው ፊት ጥቂት ያዙ፤ ደረቅ ጥላሸት ቢሆን አትፍሩ፤ የሚያጣብቅ የዘይት ነጠብጣብ ቢሆን ግን ዋጋውን እንደገና ተነጋገሩ።

ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ጥቂት ትንፋሽ ይኖራል። እንደ ባቡር ጭስ ጢም ብሎ የሚወጣ፣ ክዳኑን ቢያስቀምጡት የሚያስፈነጥር ከሆነ ግን የተጨመቀው ጋዝ በፋሻው በኩል ወደ ታች እያፈሰሰ ነው፤ እንዲህ ያለው ሞተር ሙሉ ጥገና ይጠብቀዋል። የዘይት መለኪያውንም መዝዛችሁ እዩ። በዚህ ረገድ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት በተለወጠ በጥቂት ቀን ውስጥ መጥቆሩ የተፈጥሮ ነገር ነው፤ ጥላሸቱን ተሸክሞ እንዲያጥብ ተብሎ የተሠራ ስለ ሆነ መጥቆሩ አያስወቅሰውም። የሚያስፈራው እንደ ማኪያቶ የነጣ ዘይት ነው፤ ውኃ ተቀላቅሎበታልና። ከልክ በላይ ወፍራም የሆነ አዲስ ዘይትም ያጠራጥር፤ የብሮንዝን መንኳኳት ለጥቂት ሳምንት ለማፈን ወፍራም ዘይት የሚያስሞሉ አሉ።

ስለ ውኃ ሰፋ አድርገን መናገር ይገባናል፤ በዚህ አካባቢ ብዙ ሞተር የሚሞተው በውኃ ምክንያት ነውና። ውኃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በወልቂጤና በቡታጅራ ከፍታ ግን በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ ሲይዝ የመፍያው ልክ ወደ 115 ዲግሪ ገደማ ይወጣል። ስለዚህ ላስቲኳ የደረቀች አንዲት ክዳን፣ በቆላ የማይሰማ ጉዳት በደጋ ታደርሳለች። ከወልቂጤ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ወደ ግቤ ሸለቆ የወረደ መኪና ሲመለስ ከሞቃቱ ቆላ ተነሥቶ ብዙ መቶ ሜትር ሽቅብ ይወጣል፤ ጭነት ይዞ በሁለተኛ ማርሽ ሲያቃስት የንፋሱ እርዳታ ያንሰዋል። ራዲያተሩ በወንዝ ውኃ ዝቃጭና በዝገት የተደፈነ ከሆነ የሚያፈላው እዚያ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የፈላ ሞተር ቴስታታው ይጣመማል፤ በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል። ሻጩ ጓርኒሲዮኑን ለውጦ፣ የተጣመመውን ቴስታታ ሳያስላግ መልሶ ቢያስረው፣ መኪናው እስከ ሽያጩ ቀን ያደርሰዋል እንጂ ከዚያ አያልፍም።

ይህን ለማወቅ በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ብቻ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ፤ በጋለ ሞተር ላይ የከፈተ ፊቱን ይቃጠላል። ውኃው ዝገት ቢመስል ቸልታ ነው፤ የዘይት ሽፋን ቢኖረው ግን አትግዙ። ሞተሩ ሲነሣ በውኃው ውስጥ ያለ ማቋረጥ የሚንተከተክ አረፋ ቢታይ፣ ወይም የላይኛው ጎማ ቧንቧ ሳይሞቅ ወዲያው ቢጠነክር፣ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውኃው እየገባ ነው። ደግሞም ቴርሞስታቱ በቦታው መኖሩን ጠይቁ። «ለአገራችን ሙቀት አያስፈልግም» ብለው የሚያወጡት መካኒኮች ብዙ ናቸው። ይህ ስሕተት ነው። ሞተሩ ከልኩ በታች እየቀዘቀዘ ሲሠራ ቶሎ ይበላል፤ በብዙ ሞተሮችም ቴርሞስታቱ ሲወጣ ውኃው በከፊል ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ስለሚመለስ፣ ይበርዳል የተባለው ሞተር በዳገት ላይ ይብሱን ይፈላል።

የዲ ፎር ዲ ሞተር ለብቻው የሚታይ ጠባይ አለው። በእርሱ ውስጥ ናፍጣው ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይረጫል፤ ይህም ከመኪና ጎማ ግፊት ከአራት መቶ እጥፍ በላይ ነው። ኖዝሎቹ በዓይን በማይታይ ልክ የተቀረጹ ስለ ሆኑ ጥቂት ውኃ ወይም ደቃቅ አሸዋ ይበቃቸዋል። ነዳጅ በሚጠፋበት ሰሞን በመንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ፣ ይልቁንም ላምባ የተቀላቀለበት፣ ፓምፑን የሚያለሰልሰውን ቅባት አሳጥቶ ይበላዋል። ሞተሩ ባለበት ቆሞ ሲሠራ ሚስማር በመዶሻ እንደሚመታ የሚንቃቃ ድምፅ ካለው ኖዝሎቹን አስለኩ። ሌላው ስውር በሽታ ከኖዝሉ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ማፍሰስ ነው። በዚያ የሚያፈተልከው ጋዝ ወደ ዘይቱ ገብቶ ጥቁር ዝቃጭ ይሠራል፤ ዝቃጩም ከታች ዘይት የሚስበውን ወንፊት ይደፍነዋል፤ ሞተሩም ዘይት እያለው በዘይት ጥማት ይነክሳል። እንዲህ ያለውን መኪና ስትገዙ ቀለበቶቹን ማስለወጥና ወንፊቱን ማሳየት ከዋጋው ጋራ ይታሰብ።

አቧራም አለ። ከቡታጅራ በስተ ምሥራቅ ያለው ምድር የስምጥ ሸለቆ ዳር እንደ መሆኑ እሳተ ገሞራ የተፋው አፈር ነው፤ በአካባቢው ያለው ሐረ ሸይጣን የተባለው ሐይቅ ራሱ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። የዚህ አፈር አቧራ እንደ ብርጭቆ ስባሪ የሚፍቅ ደቃቅ ነው። የአየር ማጣሪያውን ቤት ክፈቱና ከማጣሪያው በስተ ውስጥ ያለውን ቧንቧ በጣታችሁ ጥረጉ፤ አቧራ ካገኛችሁ ያ ሞተር ለብዙ ጊዜ አሸዋ ሲተነፍስ ኖሯል።

ቁልፉ ሲዞር በፊት ለፊት ያሉት የማስጠንቀቂያ መብራቶች ሁሉ በርተው ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለባቸው። ጭራሽ ያልበራ መብራት አምፖሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ግን አትመኑት፤ መልሶ ማዞር ቀላል ነው። ከእርሱ ይልቅ የፍሬን መርገጫው ላስቲክ፣ የመሪው ጨርቅና የሾፌሩ ወንበር እውነቱን ይናገራሉ።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጨረታ የሚሸጥ ፒክ አፕ ለአንባብያችን ቅርብ ስለ ሆነ ጥቂት እንጨምር። እንዲህ ያለው መኪና ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥቅሙ የጥገና መዝገብ ያለው መሆኑ ነው፤ ዘይቱ መቼ እንደ ተለወጠ፣ ሞተሩ ወርዶ እንደ ሆነ በጽሑፍ ይገኛል። ጉዳቱ በብዙ ሾፌር እጅ ማለፉና ለጨረታ እስኪደርስ በግቢ ውስጥ ዓመታት መቆሙ ነው። የቆመ የናፍጣ መኪና አያርፍም፤ በታንከሩ ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል፣ ፓምፑ ይዝጋል፣ ላስቲኩ ይደርቃል። እንዲህ ያለውን ሳታስፈትሹ በባትሪ ገመድ አስነሥታችሁ አትንዱ፤ አስቀድሞ ታንከሩ ይታጠብ፤ ማጣሪያው ይለወጥ። ያን መኪና ይነዳ የነበረውን ሾፌር አግኝታችሁ በአክብሮት ብትጠይቁት፣ ከማናቸውም መዝገብ ይልቅ ይነግራችኋል።

ስለ ወረቀቱ በአጭሩ፤ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋራ አንድ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ፤ ቦሎው የዘመኑ መሆኑን፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለበት አረጋግጡ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ፒክ አፕ ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዛወርም።

ይህ ሁሉ ካለፈ መኪናውን በመንገድ ፈትኑት። በከተማ ውስጥ አንድ ዙር መዞር ምንም አያሳይም። ከወልቂጤ ወደ ግቤ በኩል ወርዳችሁ ተመለሱ፤ ከቡታጅራም ወደ ተራራው የሚያወጣ ዳገት ፈልጉ፤ በካሶኒው ላይም ጥቂት ጭነት ይኑር። በዳገቱ አጋማሽ ላይ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመካከል ሽቅብ ከሄደ ቁሙ። ከተመለሳችሁ በኋላ ሞተሩን ሳታጠፉ ጥቂት ደቂቃ አቆዩትና ከሥሩ የሚንጠባጠብ ዘይት፣ ውኃ ወይም ናፍጣ መኖሩን ተመልከቱ፤ ቱርቦ ያለውን ሞተር ከዳገት እንደ ወጡ ወዲያው አለማጥፋት ለወደፊቱም ልማድ ይሁናችሁ።

መኪናው ከተገዛ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ዘይቱን፣ የዘይትና የናፍጣ ማጣሪያዎቹን፣ የአየር ማጣሪያውንና የራዲያተሩን ውኃ በሙሉ አስለውጡ። ሻጩ «አሁን ነው ያስለወጥሁት» ቢልም አስለውጡ። ከሁሉ በላይ የማይዘነጋው የቫልቮላዎቹን ሥራ ከፒስተኖቹ ጋራ የሚያስተባብረው የጊዜ ችንጋ ነው። በቶዮታዎቹም በሚትሱቢሺውም የላስቲክ ችንጋ አለ፤ በአሮጌው የኒሳን የ2.7 ሊትር ሞተር ግን በእርሱ ፈንታ ጥርስ ስለ ገባ ይህ ሐሳብ የለበትም። ችንጋው በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአንዳንዱ ሞተር በ150,000 ይለወጣል፤ ከተበጠሰ ቫልቮላዎቹ ከፒስተኖቹ ጋራ ይጋጫሉ፤ ሞተሩም በመንገድ ላይ በአንድ ጊዜ ይቆማል። የሻጩ ቆጣሪ የማይታመን ስለ ሆነ ችንጋውን በተገዛበት ወር አስለውጡና፣ የተለወጠበትን ቀንና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ በኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፉት።